ወንበሩ ያልለወጠው ቤት፦ የከለንታኑ ሸኽ ኒክ አብዱል አዚዝ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ማሌዥያ እንወስዳችኋለን። አንድ ዓሊም የመንግሥት ወንበር ሲይዝ ዒልሙ ወንበሩን ያቀናዋል ወይስ ወንበሩ ዓሊሙን ይለውጠዋል? ይህን ጥያቄ ይዘን የሸኽ ኒክ አብዱል አዚዝ ኒክ ማትን ሕይወት እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸኹ በ1931 በከለንታን ክልል፣ ከኮታ ባሩ ከተማ አጠገብ ባለችው ፑላው መላካ መንደር ተወለዱ። መጀመሪያ የቀሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ከዚያም ሕንድ ተሻግረው በዴኦባንድ ዳሩል ዑሉም፣ ቀጥለውም በካይሮ አል-አዝሃር ተማሩ። አል-አዝሃር የአገራችን ደረሳዎች በረዋቀል ጀበርቲያ ለዘመናት የቀሩበት ቤት መሆኑን አድማጮቻችን ታውቃላችሁ። ሸኹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገራቸው ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። ሕዝቡም «ቶክ ጉሩ» አላቸው፤ ትርጉሙ «ታላቁ አስተማሪ» ማለት ነው።

በ1967 በ1951 የተመሠረተውን «ፓስ» የተባለውን ኢስላማዊ ፓርቲ ተቀላቀሉ። በዚያው ዓመት በተደረገ የማሟያ ምርጫ አሸንፈው ፌዴራል ፓርላማ ገቡ፤ እስከ 1986ም ቆዩበት። ነገር ግን መንገዱ ሁልጊዜ ወደላይ አልነበረም። ከለንታንን ከ1959 ጀምሮ ያስተዳድር የነበረው ፓርቲያቸው በ1978 ክልሉን በምርጫ ተነጠቀ። በቀጣዮቹ አሥራ ሁለት የተቃውሞ ዓመታት ሸኹ መንደር ለመንደር እየዞሩ ማስተማሩን አላቋረጡም። በ1990 ፓስና አጋሮቹ የክልሉን ምክር ቤት 39 መቀመጫዎች አንድም ሳይቀር ወሰዱ። ሸኹም ርእሰ መስተዳድር ሆኑ፤ በወንበሩም 23 ዓመት ተቀመጡ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ የፓርቲው መንፈሳዊ መሪ ነበሩ።

ሹመቱ ሲመጣ ብዙ ሰው በቅድሚያ ቤት ይቀይራል። እርሳቸው ግን ለርእሰ መስተዳድሩ ወደተዘጋጀው መኖሪያ አልገቡም። በመንደራቸው መስጊድ አጠገብ ባለችው ተራ ቤታቸው ኖሩ፤ በዚያው መስጊድም ያሰግዱ ነበር። ጁሙዓ ጠዋት በኮታ ባሩ ጎዳና ላይ የሚሰጡት ደርስም በሹመት ምክንያት አልቀረም። ሕዝቡ አስፋልቱ ላይ አንጥፎ እየተቀመጠ ያዳምጣቸው ነበር። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) የሕዝብን ኩራዝ ከግል ኩራዛቸው እንዴት እንደለዩ ልጆቻችን ከመድረሳ ይዘውት የሚመጡት ታሪክ ነው። ሸኹም ሊኖሩበት የሞከሩት ያንኑ አማና ነው።

በሥራቸውም በተራው ቤተሰብ ኑሮ ላይ የደረሱ ነገሮች አሉ። በ1992 በክልሉ የልማት ድርጅት በኩል ከወለድ ነፃ የሆነ የመያዣ ብድር ተጀመረ። ችግር የገጠማት እናት ወርቋን አስይዛ ገንዘብ ትወስዳለች፤ የምትከፍለው የወርቁን ማስቀመጫ ዋጋ እንጂ ሪባ አይደለም። ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑበት የኮታ ባሩ ትልቁ ገበያም በእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ስም ተጠራ። በታይላንድ ድንበር አካባቢ የሚኖሩ ቡድሂስቶችም ቤተ እምነቶቻቸውን እንደያዙ ኖሩ።

ይሁንና ታሪክ የምንናገረው ለማወደስ ብቻ አይደለም። በ1993 የክልሉ ምክር ቤት የሑዱድ ሕግ አጸደቀ፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በማሌዥያ የወንጀል ሕግ በዋናነት የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ የክልል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ከሦስት ዓመት እስራት፣ ከ5,000 ሪንጊት ቅጣትና ከስድስት ግርፋት በላይ መወሰን አይችሉም ነበር። በ1991 «ማክ ዮንግ» የተባለው ባህላዊ ትርዒት በአደባባይ እንዳይታይ መከልከሉም ብዙዎችን አስከፋ። ከሁሉ በላይ ከለንታን ከአገሪቱ ድሃ ክልሎች አንዷ እንደሆነች ቆየች፤ ንጹሕ ውኃ በየቤቱ አልደረሰም። ደጋፊዎቻቸው ፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ነፈገን ይላሉ። ክልሉ በ2010 ከባሕሩ ነዳጅ ድርሻዬ ይገባኛል ብሎ ብሔራዊውን የነዳጅ ኩባንያ ከስሷል። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ደርስ የውኃ ቧንቧ አይዘረጋም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው።

ሕዝቡም ይህን ይመዝን ነበር። በ2004 ከ45 መቀመጫዎች 24ቱን ብቻ ሰጥቷቸው ለጥቂት ነው ያለፉት። በ2008 ግን ፓርቲያቸው 38 አገኘ። በ2013 ሸኹ ወንበሩን ለምክትላቸው አስረከቡ፤ በየካቲት 2015 በዚያችው ቤታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ጀናዛቸውን ሸኘ። በዚያው ዓመት ከፓርቲው የተለዩ ሰዎች «አማናህ» የሚባል ሌላ ፓርቲ መሠረቱ። ሁለቱን ወገኖች ያቀራርብ የነበረው ሰው አልነበረምና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወንበሩ ሸኹን አልለወጣቸውም፤ ይህን ወዳጅም ተቺም ይመሰክራል። ሸኹ ግን ወንበሩን በሙሉ አላቀኑትም፤ የአንድ ሰው ተቅዋ የአስተዳደርን ሥራ ሁሉ አይተካምና። ስለዚህ ልጆቻችንን ስናሳድግ ሁለቱንም እናስተምራቸው። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ውኃውንም ከሕዝቡ ቤት ማድረስ የሚችል ባለሙያ ይሁን። የአማና ሙሉ ትርጉሙም ይኸው ነው። አላህ ሸኹን ይዘንላቸው፤ እኛንም አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።