ከካሜራው ጀርባ

ስለ ካሜራ ታሪክ ሲወራ ወሬው ሁሌ የሌንስ ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጀርባው ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አቀኑ። በቀይ ባሕር ጠረፍ ዙላ ላይ የወረደው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከመድፉ ሌላ ካሜራም ይዞ ነበር፤ መሐንዲስ ክፍሉ የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ያኔ የካሜራው ጀርባ የደበዘዘ መስታወት ነው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ሲያይ ሰውየው ተዘቅዝቆ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታየዋል። ልኩን ሲያገኝ በዚያው ቦታ መድኃኒት የተቀባ እርጥብ መስታወት ያስገባል፤ ሳይደርቅ ያነሳል፣ ሳይደርቅ ጨለማ ድንኳን ገብቶ ያጥባል።

እንግዲህ ከጀርባ ማየት የዲጂታል ዘመን ፈጠራ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ የሚያየው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ጨርቁ ስር የሚገባው አንሺው ብቻ ነበር። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አባቱን ባጣ በ3 ወሩ፣ ሐምሌ 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንስታዋለች። እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የጠየቀው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ፊቱን እዩት።

ፊልም ሲመጣ መስታወቱ ቀርቶ ማያ ቀዳዳ (ቪው ፋይንደር) ተተካ። በርካሾቹ ካሜራዎች ቀዳዳዋ ከሌንሱ ጎን ስለሆነች አንሺው የሚያየውና ሌንሱ የሚያየው አንድ አይደለም፤ ሰው ቀረብ ሲል ልዩነቱ ይብሳል። በየአልበማችን አናቱ የተቆረጠ አጎት ያለው ለዚህ ነው! ውድ ካሜራዎች በመስታወት አሠራር ይሄን ፈቱት፤ ግን እነሱም የተሠሩት ለአንድ ሰው አንድ ዓይን ነው። ተነሺው ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኑ ካሲዮ ኪውቪ-10 የተባለውን ካሜራ አወጣ። ማያ ቀዳዳ የለውም፤ ጀርባው ላይ 1.8 ኢንች ስክሪን አለው። የፎቶው ጥራት 320 በ240 ነጥብ ብቻ ነው፣ ማለትም ደካማ። ግን ፎቶው እዚያው ለተነሺው ዞሮ ታየ። ለኔ ከሜጋፒክሰሉ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ዛሬ እስቴ ሰርግ ቤት ውስጥ «እስቲ አሳየኝ ልጄ... ይቺን አጥፋልኝ» የሚሉ እናት ዓለማየሁ ያላገኘው መብት አላቸው።

ለነገሩ ስክሪንም ችግር አያጣውም። በጥር ሰማይ፣ በጋይንትና በስማዳ የቀትር ፀሐይ ከራስ ፊት በቀር ምንም አያሳይም። ክንድ ዘርግተው ስለሚይዙት እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ባትሪም ይጨርሳል፣ መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ይሄ ቀላል አይደለም። ቀዳዳ ያለው ካሜራ ግን ግንባር ላይ ተደግፎ ይጸናል። ስለዚህ ካሜራችሁ ሁለቱም ካለው በቀዳዳው አንሱ፣ በስክሪኑ አሳዩ። ፀሐዩ አላሳይ ካለ ጋቢ መከናነብ ነው፤ የእንግሊዝ ፎቶ አንሺዎችም ያደረጉት ያንኑ ነው። ብቻ ጋቢ ሁለት ሰው ይችላል፤ የተነሳውንም ሰው ጥሩት።