የኮሌጅ ደጃፍና የድሀ ልጅ፦ ከናይሮቢ ታሪክ የምንማረው

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ያለፈውን እየዘከሩ መደሰት ተገቢ ነው። ከዚህ ጋር ግን የተጠለልንባት ኬንያ የድሀ ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት ለማብቃት የሄደችበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅመናል፤ ልጆቻችንም የሚያንኳኩት ይህንኑ በር ነውና። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅኝ ግዛት ዘመን የምሥራቅ አፍሪካ ተማሪ ዋና ተስፋ ካምፓላ የሚገኘው ማከሬሬ ነበር። በ1922 የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ተቋቁሞ፣ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቆራኝቶ ለዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ናይሮቢ ላይ ሮያል ቴክኒካል ኮሌጅ የተከፈተው በ1956 ነው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ነበር የገበሬውና የቀን ሠራተኛው ልጅ ውጭ ቀረ።

ይህን ችግር በራሱ ሕይወት ያየ ሰው ቶም ምቦያ ነበር። አባቱ የቃጫ እርሻ ሠራተኛ ስለ ነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በገንዘብ እጦት አቋርጧል። የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ከሆነ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ብዙ ኬንያውያን ወጣቶች ከአሜሪካ ኮሌጆች የመግቢያና የነፃ ትምህርት ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው፣ የአውሮፕላን መሳፈሪያ አጥተው ቤት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከአሜሪካውያን ወዳጆች ገንዘብ አሰባስቦ በመስከረም 1959 በአንድ አውሮፕላን 81 ተማሪዎችን አስጫነ። በ1960 የኬኔዲ ቤተሰብ ፋውንዴሽን 100,000 ዶላር ሰጠ። እስከ 1963 ድረስ ወደ 800 የሚጠጉ የምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶች በዚሁ መንገድ ሄዱ። በየመንደሩም ዘመድና ጎረቤት ለልብስና ለኪስ የሚሆን እያዋጣ ሸኛቸው። በ1960 ከሄዱት መካከል ከኒዬሪ ገጠር የወጡት ዋንጋሪ ማታይ ይገኙበታል። በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ በ2004 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆኑ።

በዚሁ ዘመን የእኛም አገር ድርሻ ነበራት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ለአፍሪካ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠታቸውን አስታወቁ፤ ኬንያውያንን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች አዲስ አበባ መጥተው ተማሩ። ዛሬ እኛ በናይሮቢ እንግዶች ብንሆንም፣ ትናንት የእነርሱ ልጆች በእኛ ማዕድ ቀርበዋል ማለት ነው።

ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ አዲሱ መንግሥት የተማረ ሰው ኃይል በእጅጉ ያስፈልገው ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ራሱን ሲችል መንግሥት ለተማሪው የትምህርቱን ወጪ ይሸፍን፣ መኝታና ምግብም ያቀርብ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተማሪዎች ብድር ተጨመረ፤ አሰባሰቡ ግን ደካማ ስለ ነበር ከተበደረው የመለሰው ጥቂት ነበር። በ1980ዎቹ የመንግሥት ካዝና ሲሳሳና የተማሪው ቁጥር ሲያሻቅብ በ1991 የወጪ መጋራት ታወጀ፤ ተማሪው የሚበላውን ራሱ እየከፈለ እንዲበላ ተደረገ። ጓዳው ሙሉ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለድሀ ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጦም ማደር ሆነ። በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ (ሄልብ) የተቋቋመው ይህንን ክፍተት ለመሙላትና የቆየውን ብድር ለማስመለስ ነው። በ1998 ደግሞ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ወጪያቸውን የሚከፍሉ ተማሪዎችን በትይዩ መርሐ ግብር መቀበል ጀመረ። በሩ ሰፋ፤ የሰፋው ግን መክፈል ለሚችል ነበር።

ኢትዮጵያም በ2003 የወጪ መጋራትን በደንብ ደንግጋለች። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እንዲጋራ፣ ክፍያውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲፈጽም ነው የተደነገገው። እዳ ቢሆንም ከመግቢያው በር ላይ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እዚህ የተወለደ ወይም ያደገ ልጃችን ከኬንያዊው ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተምሮ፣ አንድ ፈተና ተፈትኖ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ሲ ፕላስ ያመጣል። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል፤ የሄልብ ብድር ለኬንያ ዜጎች ነውና። የስደተኛ መታወቂያ የያዘ ልጅ በአብዛኛው የሚያመለክተው በጀርመን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1992 ጀምሮ ለሚሰጠው ዳፊ ለተባለው ነፃ ትምህርት ነው። ዳፊ ክፍያን ብቻ ሳይሆን መጽሐፍን፣ ምግብንና ትራንስፖርትን ጭምር ስለሚሸፍን ብዙዎችን አስመርቋል፤ ሆኖም ከአመልካቾቹ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ኮሚሽኑ እንደሚለው በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርት ያገኙ ስደተኛ ወጣቶች በ2019 ከመቶ 1 ያህል ነበሩ፤ በ2023 ወደ 7 ደርሰዋል። ዕድገቱ ደስ ያሰኛል፤ በዚያ ዓመት የቀሩት ግን ከመቶ 93 ነበሩ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድሀን ልጅ ከበር የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የጭንቅላቱ ጉዳይ አይደለም፤ የትምህርት ክፍያው ብቻም አይደለም። የምቦያ ተማሪዎች የጎደላቸው መሳፈሪያ ነበር፤ በ1991 የጎደለው ምሳ ነበር። የእኛም ልጅ የመመዝገቢያውን ገንዘብ በወቅቱ ካላገኘ፣ የማታቱውን ሒሳብና የቤት ኪራዩን የሚደግፈው ከሌለ፣ የመግቢያው ደብዳቤ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የተሰጠው ካልተመለሰ የሚቀጥለው ልጅ ባዶ ሣጥን ያገኛል።

ኬንያውያን ለዚህ «ሐራምቤ» የሚል ቃል አላቸው፤ በአንድነት እንሳብ እንደ ማለት ነው። እኛም ለቀብር እድር፣ ለጥሪት እቁብ አለን፤ ለትምህርት ግን እስካሁን የምንለምነው ልጁ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ፣ በጭንቀት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ጥቂት ሽልንግ ቢያስቀምጥ፣ ገንዘቡ ከማኅበሩ የዕለት ወጪ ተለይቶ በየዓመቱ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ቢነበብ፣ የተረዳው ልጅም ሥራ ሲይዝ ለተከታዩ ቢመልስ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ሴሚስተር የማንንም ልጅ ከበር አይመልስም። ለዚህ ኢዮቤልዩ ከምንተክላቸው መታሰቢያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሣጥን ይመስለኛል።