ከሐይቅ ወንጌል እስከ ፊውል ሴል

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባል ብራና አለ። የተጻፈው በ1280/81 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ወንጌሉን ያስጻፉት የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል በውስጡ ይገኛል፤ በኋላም የገዳሙን መጻሕፍት የሚቆጥር ዝርዝር ተጽፎበታል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ወንጌሉን ፎቶ ሲያነሣ 1832 የሚል ቁጥር ሰጠው። ከ1501 እስከ 2000 ያሉትን ቁጥሮች የያዘው አምስተኛው ካታሎግ በ1981 ታተመ፤ ካዘጋጁት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ።

ጌታቸው ይህን ሥራ የያዙት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው መጥተው በተኩስ ቆስለው ነበር። በማግስቱ ዓመት ሚኒሶታ ገቡ፤ ቤተሰቡም እዚያው ኑሮውን ጀመረ። በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱት ልጃቸው ሶስና ኤምአይቲ ተምረው በ1996 ካሊፎርኒያ ካልቴክ በመምህርነት ተቀጠሩ፤ ከ2015 ጀምሮ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። አባት የብራና ኅዳግ ሲያነቡ ልጅ ከነዳጅና ከኦክሲጅን ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ፊውል ሴልና በውስጡ የሚያልፈውን ጋዝ ያዙ።

የፊውል ሴል ታሪክ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ በ1842 ባሳተመው ጽሑፍ የፕላቲኒየም ቁራጮችን በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ፣ በአንዱ ቱቦ ሃይድሮጂን፣ በሌላው ኦክሲጅን አድርጎ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ገለጸ። ጋዙ፣ ፈሳሹና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ መስፋት እንዳለበትም ያኔውኑ አስተውሏል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ያንን ቦታ የማስፋትና ጋዙን ወደዚያ የማድረስ ሥራ ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም።

የሶስና ቡድን በ2001 ኔቸር ላይ ያወጣው ጥናት ሁለቱን ጋዞች የሚለየውን ሽፋን ይመለከታል። የተለመደው የፕላስቲክ ሽፋን ፕሮቶን የሚያሳልፈው ውሃ ሲጠጣ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እንዳያልፍ ያስገድዳል። እነሱ ሲዚየም ሃይድሮጂን ሰልፌት የተባለ ደረቅ ጨው ተክተው ሴሉን ከ150 እስከ 160 ዲግሪ አሠሩት። ጨዉ ግን ጉድለት ነበረው፤ ሃይድሮጂኑ ራሱ ይበላዋል። በ2004 በፎስፌት ዘመዱ ቀየሩት።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው የ2005ቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጋዞቹን መለየቱን ራሱን ተዉት። ነዳጁና አየሩ ተቀላቅለው በአንድ ክፍል ይገባሉ። ሐሳቡን ቀድመው ያራመዱት የጃፓን ተመራማሪዎች ነበሩ። ምስጢሩ ያለው በኤሌክትሮዶቹ ምርጫ ነው፤ አንደኛው ነዳጁን ፕሮፔን በከፊል አቃጥሎ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሌላው፣ ካቶዱ፣ ኦክሲጅኑን ይለቅማል። የቃጠሎው ሙቀት ብቻውን ሴሉን ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ያቆየዋል፤ የውጭ ምድጃ አያስፈልግም። ከ1.42 ካሬ ሴንቲሜትር የካቶድ ስፋት 350 ሚሊዋት ያህል ተገኘ። ትንሹ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 5 ዋት ከዚህ 14 እጥፍ ይበልጣል፤ ካቶዱ ግን ተሰብስቦ ከጥፍር ብዙም አይሰፋም።

ችግሩ ብዙው ነዳጅ ሳይሠራ በጎን አልፎ መውጣቱ ነው። የት እንደሚያልፍ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ካልቴክ ውስጥ ዴቪድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ሴሉን በኮምፒውተር ሠሩት፤ በ2006 ከሶስና ቡድን ጋር ሙከራውንና ሞዴሉን አጣምረው አሳተሙ። አንድ ጋዝ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ አዶልፍ ፊክ በ1855 ያወጣው ሕግ ይኸው ነው። በሴሉ ውስጥ ግን ፕሮፔን፣ ኦክሲጅን፣ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጂን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና የውሃ እንፋሎት አብረው ይጋፋሉ። በገበያ ቀን ሐይቅ ከተማ የዋለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሜዳው ላይ እህል የተሸከመው ሰው በግ ከሚነዳው ጋር ይጋጫል፣ አንዱ የሌላውን መንገድ ያዘገያል፤ ማክስዌልና ዮዜፍ ስቴፋን በ19ኛው መቶ ዘመን በቀመር የጻፉት ይህንን ነው። በሁለት ቤቶች መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ግን ትከሻ የሚላተመው ከሰው ይልቅ ከግድግዳው ጋር ነው። የኤሌክትሮዱ ቀዳዳዎች እንደዚያች መተላለፊያ ጠባብ ናቸው፤ ይህንን ዴንማርካዊው ክኑድሰን በ1909 አጥንቶታል። ሞዴሉ የሜዳውንም የመተላለፊያውንም ግፊያ፣ በየኤሌክትሮዱ ከሚካሄደው ቃጠሎ ጋር አንድ ላይ ማስላት አለበት።

ፊውል ሴልን የፈለሰፉት ኢትዮጵያዊት ናቸው ሲባል የሰማ አንባቢ ካለ መዝገቡ አይደግፈውም፤ ግሮቭ ጽሑፉን ሲያሳትም ፕሮፌሰር ሶስና ሊወለዱ 124 ዓመት ቀርቷቸው ነበር። የሠሩትንም ብቻቸውን አልሠሩትም። የ2001ዱ ጥናት 4 ጸሐፊዎች፣ የ2005ቱ 6 ጸሐፊዎች አሉት። በሁለቱም ላይ ኃይሌ የሚል ስም ታትሟል፤ የሶስና አያት ስም ነው።