ዕጣ፣ መንገድና የአፍሪካ ዋንጫ

ከጂንካ ወጥቶ የተጫወተ ቡድን ተሸንፎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ «መንገዱ አደከመን»፣ ሁለተኛው «ዕጣው ከባድ ቡድን ጣለብን» የሚል ነው። በእርግጥም በቀይ አፈር፣ በወይጦና በኮንሶ አድርጎ አርባ ምንጭ ደርሶ፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቅ ተጫዋች ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀምጦ መሄድ አለበት። ነገር ግን ምክንያትን ለመመዘን ውጤቱ ጨዋታ በጨዋታ የታወቀ ውድድር ስለሚያስፈልግ፣ የብሔራዊ ቡድናችንን የአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዕጣ እንናገር። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ኢትዮጵያ የተደለደለችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ስለ ተወገደች፣ የእኛ ቡድን አንድ ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜ ደረሰ። ከዚህ የበለጠ መልካም ዕጣ ከየት ይገኛል? ግብፅ ግን አስተናጋጇን ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጥታ፣ እኛንም 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ ነው።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነቷ፣ ግብፅ በዋንጫ ባለቤትነቷ፣ ማጣሪያ ሳይጫወቱ በቀጥታ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። ለፍጻሜ የደረሱትም እነዚሁ ሁለቱ ስለ ሆኑ፣ ቅድሚያ ማግኘት ዋጋ የለውም ማለት አንችልም። ሆኖም ቅድሚያው ለሁለቱም እኩል ነበርና በመካከላቸው ሊለይ አይችልም። በይድነቃቸው ተሰማ የሠለጠነውና በሉቻኖ ቫሳሎ የተመራው ቡድናችን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ ግብፆች ያልነበራቸው አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም አገሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከ1949 እስከ 1968 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቡድናችን በዋናው ውድድር በአገሩ ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች 6 አሸንፎ፣ 1 እኩል ወጥቶ፣ 3 ተሸንፏል። ከአገሩ ውጭ 11 ተጫውቶ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ሲሆን፣ በቀሩት ዐሥሩ ተሸንፏል።

መንገድ ረታን ለሚለው ሰው ይህ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል፤ ግን ርቀቱን አስልተን ስናየው ነገሩ ይገለበጣል። ካርቱም ከአዲስ አበባ በአየር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1949 እና በ1962 ዓ.ም. በሱዳን ያደረግናቸውን አራቱንም ጨዋታዎች ተሸነፍን። ያችን ብቸኛ ድል ያገኘነው ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን በሄድንባት በጋና ነው። ያሸነፍናት ቱኒዚያ ናት፤ እርሷም እንደ እኛ እንግዳ ነበረች! ስለዚህ ተጋጣሚው በቤቱ መሆኑና አለመሆኑ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሊመረመር ይገባል እንላለን። ይህም ቢሆን ሁሉን አይገልጥም፤ በ1960 ዓ.ም. የኪንሻሳዋ ኮንጎ እዚሁ አገራችን መጥታ በግማሽ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋናለች።

የከፍታም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ጂንካ ግን 1,500 ሜትር ያህል ናት፤ ከእርሷ በታች ያለው የኦሞ ቆላማ አገር ደግሞ እጅግ ዝቅ ይላል። የእኛ ልጅ በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ሲያጥረው አውቶቡሱን የሚወቅሰው ምናልባት አየሩን መውቀስ ሲገባው ይሆናል። አውቶቡሱ ጥፋተኛ ከሆነ አንድ ቀን አስቀድሞ መድረስ ይበቃል፤ አየሩ ከሆነ ግን አንድ ሌሊት ማደር አይበቃም። ዋናው ምክንያት እንግድነቱ ከሆነ ደግሞ፣ ጂንካ ልትጠይቅ የሚገባት የተሻለ አውቶቡስ ሳይሆን የማስተናገድ ተራ ነው፤ ያን ጊዜ በወይጦና በቀይ አፈር በኩል የሚመጡት ሌሎቹ ይሆናሉ።