የቀበሌ ቤት መጸዳጃ

በቧንቧ ሥራ የኖርኩት ፒያሳና ሠራተኛ ሰፈር ባሉ የቆዩ ግቢዎች ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። በብዙ ግቢ ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሁሉም ተከራይ ሆነ።

ዛሬ ተከራዩ መታጠቢያ ቤቱን ላድስ ቢል ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ሳያስፈቅድ አይነካውም። የሕንፃ ሕጉ ደግሞ ለግንባታ ፈቃድ ፕላን ይጠይቃል፤ የጭቃ ቤት ፕላን ከየት ይምጣ? ግድግዳውን ስፈለፍል የሚወጣው የብረት ቱቦ ውስጡ በዝገት ተደፍኖ የመጻፊያ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። ከሥሩ ያለው ማገር በእርጥበት በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። እዚያ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። እባካችሁ፣ ከሴራሚኩ በፊት የፍሳሹን መውጫ አስጨርሱ።