ሳቢና ደጋፊ

የየጁ ፈረስ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ጋላቢዎቹ ናቸው። ራስ አሊ «አባ ቡላ»፣ ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ተወድሰዋል። የየጁ ፈረሰኛ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ፣ የወሎ ፈረሰኛ ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ እንዴት እንደተሰለፈ ታሪክ ጸሐፊዎች ነግረውናል። (ሁለቱም በሽንፈት ማለቃቸው የአገሬን ሰው ጉራ ቀንሶት አያውቅም!) ገመድ ይዞ ከፊት ስለሚሄደው ሰው ግን ማን ጻፈልን?

ያደግሁት መርሳ ነው። ብርቱካንና ማንጎ የሚያፈራ ቆላ ቀመስ አገር ስለሆነ ፈረስ የሚወርድልን ከደጋ ነው። አጎቴም ከደጋ ያመጣት አንዲት ባዝራ ነበረችው። ታናሽ እህቴን የልጅነት ልምሻ አንድ እግሯን አስንፎባት ስለነበር፣ ጠበል ስንወስዳት አጎቴ ባዝራዋን ይስባል፤ እኔና የአክስቴ ልጅ በግራና በቀኝ ሆነን እህቴን ጭኗ ላይ ያዝ አድርገን እንሄዳለን። የአጎቴ ትምህርት አጭር ነበር፦ «ከኋላ አትምጣባት፤ እያናገርሃት በትከሻዋ በኩል ቅረብ። ልጅቱን ደግፍ እንጂ አትጎትት። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥም!»

አንድ ቀን ሳቢነቱን ለእኔ ለቀቀልኝ። እኔም እንዳታመልጠኝ ብዬ ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምሁ። አስፋልቱን ስንሻገር የጭነት መኪና ጡሩምባውን ቢነፋ ባዝራዋ በረገገች፤ እኔን መሬት ለመሬት ጎተተችኝ። አጎቴና የአክስቴ ልጅ እህቴን ከኮርቻው ብድግ አድርገው ስላወረዷት አልወደቀችም። የእኔ ጣት ግን እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። አጎቴ አልተቆጣም፤ ገመዱን አንሥቶ ወዲያና ወዲህ አጠፈና መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሊስ ሃርቴልን ታሪክ አነበብሁ። ይህች ዴንማርካዊት በ1944 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በልምሻ ተመትታ ከጉልበቷ በታች እግሮቿ አልታዘዝ ቢሏትም፣ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳይ አገኘች። ፈረሱ ላይ የምትወጣው በሰው እርዳታ ነበር። ከእሷ ወዲህ ሐሳቡ ተስፋፍቶ በ1969 በእንግሊዝም በአሜሪካም አካል ጉዳተኞችን በፈረስ የሚረዱ ማኅበራት ተቋቋሙ። ሥራውን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንዱ ሳቢ፣ ሁለቱ ደጋፊ።

እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚማሩ ሳነብ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልሁ። በትከሻ በኩል መቅረብ፣ ገመድ አጥፎ መያዝ እንጂ አለመጠምጠም፣ የተቀማጩን ጭን ደግፎ መሄድ፤ ሁሉም የአጎቴ ነው! እነሱ ፈረስን በግራ በኩል ይለምዳሉ፤ የእኛ አባቶች ጎራዴ በቀኝ ስለሚታጠቁ በቀኝ ይወጡ እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። በእኛ ዘንድ በግራና በቀኝ ታጅቦ በበቅሎ መሄድ የመኳንንት ክብር ነበር፤ እነሱ ለሕሙማን አደረጉት። ምክንያቱንም ደረሱበት፦ ፈረስ ሲራመድ የተቀማጩን ዳሌ የሚያወዛውዘው የሰው እርምጃ በሚያወዛውዝበት አኳኋን ነው። እግሩ የማይራመድ ሰው፣ ወገቡ የመራመድን ልማድ ያገኛል። ልምሻን አያድንም፤ ሚዛንን ግን ያስተምራል። በምድር ላይ ወደ ምርኩዟ የምታዘነብለው እህቴ ባዝራዋ ላይ ስትሆን ቀጥ ትል ነበር። እኛ ኩራት መስሎን ነበር።

ቤተ መንግሥት የፈረሶቹን አዛዥ «ባልደራስ» ብሎ ሾሟል። አጎቴ ሹመት አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ብነግራት፣ «እኔ የምፈራው ባዝራዋን መች ነበር? አንተን እንጂ!» አለችኝ።