ስለ እንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ፤ ከጅቡቲ በመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጅቡቲ ከተማ በፈረንሳይኛ ተምሮ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ የመጣ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቱ ላይ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብሎ ጻፈ። በቀይ ቀለም ሰርዤ «አይ ሶው» ብዬ አረምሁት። በአጠገቡ የተቀመጠው የጎጃም ልጅም ያንኑ ጽፎ ኖሮ የእሱንም ሰረዝሁ። ሁለቱም ነጥብ አጡ፤ ስለምን እንደ ተሳሳቱ ግን አላስረዳኋቸውም።

የጅቡቲው ልጅ የተከተለው ፈረንሳይኛውን ነው። ፈረንሳዮች ሲነጋገሩ «ዤ ቩ» የሚሉት፥ ቃል በቃል ሲመነዘር «አይ ሃቭ ሲን» ይመስላል፤ ነገር ግን ለትናንትም ለአምናም ያገለግላቸዋል። የጎጃሙ ልጅ ደግሞ አማርኛውን ተከተለ፤ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር የለበትምና። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ከተነገረ «ሃቭ»ን አይቀበልም። እንግዲህ ሁለት ልጆች በሁለት መንገድ መጥተው በአንድ ጕድጓድ ወደቁ ማለት ነው።

መንገዶቹም ታሪክ አላቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጐን ለጐን ይሰጡ ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አደላ፤ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በዚሁ ቋንቋ አስተማረ። ጅቡቲ በበኩሏ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር ይዛ ቀረች። በአንድ ሐዲድ የተያያዙ ሁለት አገሮች፥ ልጆቻቸው ስለ ትናንት የሚናገሩበትን የውጭ ቋንቋ ለያዩ።

የአማርኛው ወጥመድ ግን ከዚህም የጠለቀ ነው፤ ይልቁንም በአሉታው ላይ። «አየሁ» እና «አይቻለሁ» ስንል ሁለት ግሦች አሉን፤ ስናፈርሳቸው ግን ሁለቱም «አላየሁም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛው በዚህም ጊዜ «ዲድ ኖት ሲ» እና «ሃቭ ኖት ሲን» እያለ ይለያል፤ ተማሪው ከየት አምጥቶ ይምረጥ? «ዲድ» የኃላፊነቱን ሸክም ብቻውን እንደሚሸከም ሳይነገረውም «ዲድ ኖት ሶው» ይላል። ደግሞ «ሲመጣ አየሁት» በምንለው ውስጥ «ሲመጣ» ጊዜውን የሚዋሰው ከዋናው ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ጊዜ ለብሶ መውጣት አለበት፤ «ዌን ሂ ካምስ፥ አይ ሶው ሂም» የሚለው ስሕተት የሚወለደው ከዚህ ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ይህን ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁ መናገር ያሳፍረኛል።

አሁን ቀዩን ቀለም ከማንሣቴ በፊት «መቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪው «ትናንት» ወይም «በ1909 ዓ.ም.» ብሎ ከመለሰ «ሃቭ»ን ራሱ ይሰርዛል። «ጊዜው አልተነገረም፤ ነገሩ ግን እስካሁን ይነካናል» ካለም ያቈየዋል። ከዚህ በኋላ አማርኛውን በሰሌዳው ቀኝ፥ እንግሊዝኛውን በግራ ጽፈን «አላየሁም»ን በሁለቱ መካከል እናቆማለን።

የጎጃሙ ልጅ በዚያች ፈተና በሁለት ነጥብ ጐድሎ የእንግሊዝኛ ክፍል ሳይገባ ቀረ። ዛሬ ሒሳብ ያስተምራል። የፈተናው ወረቀት ከእኔው ዘንድ አለ፤ ቀዩ ቀለም አልደበዘዘም።